ኖራው ሳይደርቅ

ሞገንስ የኖራ ባልዲውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ብሩሾቹን በጥርሱ ነክሶ መሰላሉን ሁለት ሁለት እርከን እየዘለለ ወደ ሠዓሊዎቹ የእንጨት ማማ ወጣ። ከታች የእንጨት ጫማ ኳኳታ ይሰማል። ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ መንጋ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ገባ ተብሎ ደወል ከተደወለ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ደቡባዊ በር አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ እያሉ አንገታቸውን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ያሰግጋሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ።

«ሞገንስ! ዛሬ ነው ወይስ ለፋሲካ?» አለ አንዱ።

ሞገንስ ብሩሽ ነክሷልና አልመለሰም። ቢመልስም ደግ ነገር አይወጣውም ነበር።

ግድግዳው ላይ ቅዱስ ክርስቶፎሮስ ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሟል። ወንዙ ጉልበቱን ይልሰዋል፤ በእግሮቹ መካከል ዓሦችና አንድ ኩሩ ሸርጣን ይዋኛሉ፤ በእጁ የዛፍ ግንድ የሚያህል ምርኩዝ ይዟል፤ ሕፃኑ ክርስቶስ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ሁለት ጣቶቹን አንሥቷል። ሁሉ ነገር አለው። የጎደለው ፊት ብቻ ነው።

ስቴንቪግ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፊት የሌለው ክርስቶፎሮስ ባይኖር ይሻላል። የቅዱሱን ፊት አይቶ የወጣ ሰው በዚያ ቀን ክፉ ሞት አይሞትም፤ ንስሐ ሳይገባ ውሃ አይውጠውም። ይህን የማያውቅ ልጅ ስቴንቪግ ውስጥ አልተወለደም። ስለዚህ ጀልባ የሚገፋ ሁሉ መጀመሪያ በደቡቡ በር ገባ ይላል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ያማትባል፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ከጀልባው ሰዎች አንዱ ሳያይ ከቀረ እሱን ይዞ የሚነሣ የለም።

የድሮው ቅዱስ አልታደለም። የከተማዋ ሀብታሞች «እንደ ጀርመኖቹ ሉቤክ ያለ ቅስት ጣሪያ ካላሠራን ሞተን እንገኛለን» አሉ፤ ግንበኞቹም አዲሱን ቅስት ሲያሳርፉ ከአንገቱ በላይ ያለውን በመዶሻ አፈረሱት። ፀደዩን ሰዎቹ ወደ ጎረቤት ደብር እየሄዱ የዚያን ክርስቶፎሮስ ያዩ ነበር። ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ሄሪንግ ግን ግማሽ ቀን ቆሞ አይጠብቅም፤ ዛሬ መጥቶ ነገ ሌላ አገር ነው።

ፊት መሣል የመምህሩ ሥራ ነው። ረዳት ቅጠል ይሥላል፣ የልብስ ጠርዝ ይሥላል፣ ካደለው ዓሣ ይሥላል። ሞገንስ አሥራ አንድ ዓመት ቅጠል ሥሏል። ጎልማሳ ሆኗል፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ እስከ ዛሬ አንድ አፍንጫ አልሣለም። አለቃው መምህር ሄርማን ግን በዚህ ሳምንት ከማማው ላይ ወድቆ ትከሻውን ሰበረና በቄሱ በአባ ማቲያስ ቤት ተኝቶ በጀርመንኛ ይራገማል። ዛሬ ጠዋት የዓሣ አጥማጆች ማኅበር አለቃ ፓልነ «ፊቱ ዛሬ ይውጣ!» ብሎ ሲጮህበት መምህሩ ሞገንስን አስጠራው።

«ካበላሸኸው ሌላ ጌታ ፈልግ» አለው ከትራሱ ቀና ሳይል። «ካሳመርከው ግን ሉቤክ ወስጄ በሠዓሊዎች ማኅበራችን ፊት መምህር አስብልሃለሁ። ሂድ፤ ኖራው ሳይደርቅ ጨርስ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኖራ እርጥብ ሳለ ቀለሙን ይጠጣዋል፤ አንድ ሆነው ይደርቃሉ፤ የልጅ ልጅ ያየዋል። ደርቆ ከቆየ በኋላ የተቀባ ቀለም ግን ክረምት ሳይወጣ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ሞገንስ የፊቱን ቦታ በኖራ ቀብቶ ጨርሷል። ከእንግዲህ ያለው ጊዜ የኖራው ነው እንጂ የእሱ አይደለም።

የፊቱን ዙሪያ በቀይ አፈር መስመር ሲጀምር መሰላሉ ተንቋቋ። እህቱ ቦዲል ናት፤ አጃ ዳቦና ደረቅ ዓሣ በመሀረብ ቋጥራ ይዛለች።

«ብላ» አለችው።

«እጄ ኖራ ነው።»

«አፍህ ኖራ አይደለም» ብላ ቁራሹን አፉ ውስጥ ወተፈችለት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሽበት ቢያበቅልም ማጉረስ አልተወችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማ፤ ዛሬ እንዳትጨርሰው።»

«ምን?»

«ባሕሩን አይተኸዋል?»

«ከዚህ ሆኜ በየት በኩል ልየው?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ነፋስ የለም፤ ውሃው ግን ከሥሩ ይተነፍሳል። ጀምበሯ ቀለበት ሠርታለች። የባሕር ወፎቹ ሁሉ ሸሽተው የአባ ማቲያስ እርሻ ላይ ተኮልኩለዋል።»

«ለባልሽ ንገሪው እንጂ ለእኔ ምን ይሁን ብለሽ ነው?»

«መች ሳልነግረው ቀረሁ? ‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ› ብሎ ሳቀብኝ። ኤስበርንን የማታውቀው ይመስል! እሱን የሚያስቀረው አንድ ነገር ነው፤ ቅዱሱን ሳያይ አይሄድም። ፊቱን አትሥራው በቃ። ኖራው ተበላሸ በል፤ እጄን አመመኝ በል።»

«አይቶ ከሄደ ምን አስፈራሽ? ቅዱሱ አለለት።»

«አንተ የሠራኸውን ቅዱስ ነው የማምነው?» አለች። «አንተን አውቅሃለሁ እኮ! ዳቦ ሰርቀህ በልተህ ድመቷ ናት ያልክ ሰው ነህ።»

ሞገንስ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ላቨም አይቶ ነበር» አለች።

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ላቨ የሁለቱ ወንድም ነበር። ያን ቀን ሞገንስም በዚያው ጀልባ ላይ ነበረ፤ እሱ ወጣ፣ ላቨ አልወጣም፤ ሬሳውም አልተገኘ። ሞገንስ ከዚያ ወዲህ ጀልባ አልረገጠም። ሰዉ «በደንብ ባያይ ነው» አለ። እንዲህ ነው የሚሉት፤ ያየ ሰው ሲሞት በደንብ ባያይ ነው። ቦዲል ግን በዚያ ጠዋት የላቨን እጅ ይዛ ከደጃፉ ቆማ ነበር፤ በደንብ ሲያይ አይታዋለች።

«አሥራ አንድ ዓመት ቅጠል ሥያለሁ፣ ቦዲል» አለ ሞገንስ ቀስ ብሎ። «ይህን ፊት ካሳመርኩ መምህር እባላለሁ። ሌላ ዕድል የለኝም። ደግሞ ዛሬ ካልወጡ ክረምቱን ከተማው ምን ሊበላ ነው? አንቺስ ምን ልትበዪ ነው?»

እህቱ ሥዕሉን ሳይሆን እሱን አየችው። መሀረቧን አጣጠፈች።

«እሺ፣ ቀባ። ሁለተኛ አልለምንህም» ብላ ወረደች። በወረደችበት ፍጥነት ማማው ለብዙ ጊዜ ተወዛወዘ።

ሞገንስ ተናደደ። ለምን እንደተናደደ ግን ለራሱም አልነገረም። ንዴቱም በጀው። ቅንድቡን በአንድ ትንፋሽ አወረደው። አፍንጫውን በቀይ አፈር አወጣ፣ ጉንጩን በሳሳ ቀለም ሞላ፣ ጺሙን እንደ ወንዙ ሞገድ ጠቀለለው፤ እዚህ ላይ የቅጠሉ ልምድ ጠቀመው። ከታች አለቃ ፓልነ በምርኩዙ ወለሉን ይደበድባል።

«ወንድሜ፣ ሚስት ልትድርለት ነው እንዴ? ፊት ይሁን እንጂ ማማሩ ይቅር!»

ኖራው ከዳር ዳር መንጣት ጀምሯል። ሞገንስ የከሰሉን ጥቁር በቀጭኑ ብሩሽ አነሣ፤ የመጨረሻው ዓይን ነው። አንዱን አገባ። ሌላውን አገባ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ግዙፉ ሰው ቁልቁል አየው። ደክሞታል፤ ውሃው ከብዶታል፤ የተሸከመው ልጅ ማን እንደሆነ ገና አልገባውም፤ ግን አይጥለውም። ሞገንስ እንዲህ ያለ ነገር ከእጁ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ደስታው እንባ እንባ አለው፤ አፍሮ በክንዱ ጠረገው፤ ኖራ ዓይኑ ገባና በደንብ አለቀሰ።

ሰዎቹ መግባት ጀመሩ። ቆባቸውን እያወለቁ በተራ ይገባሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ያማትባሉ፣ ይወጣሉ። ጫጫታው ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ይኸኛው ያየናል» አለና ወጣ። ኤስበርን አራት ቀዛፊዎቹን አስከትሎ መጣ፤ ጎንበስ ካላለ በሩ የማይበቃው ሰው ነው።

«አማቼ!» አለ ወደ ማማው አንጋጦ። «ካንተ የወጣ ነው ለማለት ይቸግራል፤ ይሄ እኮ ቁምነገረኛ ይመስላል!» ሲያማትብ ግን ሳቁን ተወ፤ ረጅም ጊዜ አየ። ስድስተኛው ሰው ስቲግ መረብ ሊያመጣ ሄዷል፤ ሲመለስ ያያል።

ሞገንስ ብሩሾቹን ሊያጥብ በትንሿ በር በኩል ወደ ጕድጓዱ ወጣ። ጕድጓዱ ያለው ከመቃብሩ ጫፍ፣ ባሕሩ ወለል ብሎ ከሚታይበት ነው። ባልዲውን እያወረደ ሳያስበው ቀና አለ።

ባሕሩ እንደ ወተት ተኝቷል። አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ግን ከወሽመጡ አፍ ያሉት ድንጋዮች በነጭ አረፋ ይዋጡና ይገለጣሉ፣ ይዋጡና ይገለጣሉ፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ከሩቅ የሆነ ቦታ ላይ ባሕሩን የሚገፋ ነፋስ አለ፤ ገና አልደረሰም እንጂ መንገድ ላይ ነው። ላቨ የቀረ ቀን ጠዋት እንዲህ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሞገንስ ይህን ጠዋት ከእህቱ አፍ ሰምቶታል፤ ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበረ አልሰማውም።

ባልዲውን ጥሎ ወደ ፓልነ ሮጠ።

«አለቃ ፓልነ፣ ድንጋዮቹን ይመልከቱ! ማዕበል እየመጣ ነው። ሰዎቹን ያስቀሩ!»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ከባሕር ከሸሸህ ስንት ዓመትህ ነው? ላንተ ማዕበል የሌለበት ቀን አለ እንዴ? ሂድ፣ ዓሣህን ሣል።» በዙሪያው ያሉት ሳቁ።

ሞገንስ ተመልሶ ገባ። ማማው ላይ ወጣ። የቀረውን ኖራ በትልቁ ብሩሽ ዘፈቀና የቅዱሱ ፊት አጠገብ ቆመ። ያሳዝናል፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀውን ነገር ገና ጠግቦ አላየውም ነበር። ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ጺሙ ወለወለው።

ከታች አንድ ሰው ጮኸ። ሌላው ተከተለ። ከተማው ሁሉ በአንድ በር ሊገባ ተጋፋ።

ኖራ ግን ሲቀባ ነጭ አይደለም። ሲቀባ እንደ ቀጭን ውሃ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል፤ የሚነጣው እየደረቀ ሲሄድ ነው። ይህን ከሞገንስ የበለጠ የሚያውቅ ስቴንቪግ ውስጥ አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለውም። የክርስቶፎሮስ ፊት ከእርጥቡ ኖራ ሥር፣ በጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ሰው፣ አሁንም ቁልቁል ያያል። ያላዩትም እንደ አልሞት ባይ ተጋዳይ እየተረጋገጡ ለማየት ሮጡ።

«አየሁት! አየሁት!»

«ምኑን አየህ? ጺሙን ነው ያየኸው!»

«ጺም ፊት አይደለም እንዴ?»

«እኔ አንድ ዓይኑን አየሁ፤ ይበቃል?»

«አንድ ዓይን ላንድ መንገድ ነው፤ ትሄዳለህ፣ አትመለስም!»

«ኧረ ገለል በል፣ ትከሻህ ጋረደኝ!»

ፊቱ ከግንባሩ ጀምሮ ሄደ። መጨረሻ ላይ ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ፤ ከዚያ እነሱም ግራጫ ሆኑ፣ ከዚያ ግድግዳው ግድግዳ ሆነ። ስቲግ መረቡን ተሸክሞ እያለከለከ ሲደርስ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሞገንስን ከማማው ላይ ጎትተው አወረዱት። ፓልነ በጥፊ አጮለው፤ ሽማግሌ ቢሆንም መቅዘፊያ ያጠነከረው እጅ ነው። አባ ማቲያስ መሐል ባይገቡ ሌላም ይደገም ነበር። የሄሪንጉ ነገር ግን ከሞገንስ ጕንጭ ይበልጥ ነበርና ሽማግሌው እዚያው ፍርድ ሰጠ።

«ሁለቱን ዓይን ያየ አይቷል። ያላየ አላየም። ጀልባው ሙሉ ያልሆነለት ይቀራል። መርቄ መላክ እንጂ ለሞት መላክ አልችልም።»

እንዲህ ሆነና አብዛኞቹ ጀልባዎች አንድም ሁለትም ሰው ጎደላቸው። እየተራገሙ መረባቸውን መልሰው አንጠለጠሉ። ሞገንስ በደቡቡ በር ወጥቶ በኖራ በራሰ እጁ ጕንጩን ይዞ ቆመ። መምህርነቱ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ስቴንቪግ ውስጥ ውሃ የሚያቀብለው የለም፤ ግን ይቀራሉ፤ ልቡ ቀለል አለው። ይህም የቆየው ወደ ባሕሩ ቁልቁል እስኪያይ ድረስ ነው።

የኤስበርን ጀልባ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነበር።

እየወደቀ እየተነሣ ወረደ። ቦዲል ከባሏ ፊት ቆማ በሁለት እጆቿ የጀልባውን አፍንጫ ይዛለች።

«ስቲግ አላየም!» ትላለች። «ሰው ጎደለህ፣ ቅር!»

«ስቲግ ይቅር፤ እኔ አይቻለሁ፣ አራቱም አይተዋል» አለ ኤስበርን። «ሁሉ ከቀረ ባሕረ ሰላጤው የእኔ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን በዕድሜ አንዴ ነው።» ሞገንስን አየው። «ይኸው መጣ! ሰው ያጎደለብን እሱ ነው፤ እሱ ይሙላ።»

«ኤስበርን፣ በእግዜር! ድንጋዮቹን አታይም?»

«አየሁ። ክርስቶፎሮስንም አየሁ። ዛሬ የእኔ ቀን ነው፤ ምንም አይነካኝም። አንተስ ከጠዋት ጀምሮ አፍንጫህን ከአፍንጫው አግጥመህ አይደል የዋልከው? እዚህ ከተማ እንዳንተ ያየው ሰው የለም። ግባ።»

ቀዛፊዎቹ «እውነቱን ነው» አሉ። ቀልድ አልነበረም።

«ባልገባስ?»

«በአምስት እንሄዳለን።»

ሰውየው ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ ይሄዳል። በአምስት መቅዘፊያ ደግሞ ጀልባው በማዕበል ፊት አንድ ጎኑ ይደክማል፣ ይዞራል፣ ይገለበጣል። ሞገንስ ይህን አልረሳም፤ ረስቶት ቢሆን ደስ ባለው። የእንጨት ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ብርዱ ጭኑን ሲነክሰው የጀልባውን ጠርዝ ይዞ ተንጠለጠለ።

ቦዲል እጅጌውን ያዘችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንዱን አስቀርልኝ አልኩህ እንጂ ተጨምረህ ሂድ አልኩህ?»

«ስድስት ከሆንን እንመለሳለን» አላት። እጇን ከእጅጌው ላይ አላቀቀ፤ የገዛ እህቱን እጅ ጣት በጣት።

የቀዛፊ ፊቱ ወደ መጣበት ነው። ሞገንስ እየቀዘፈ ከተማው ሲያንስ አየ፤ የደወሉ ማማ፣ የቅስቱ ጣሪያ፣ ዳር ላይ የቆመች አንዲት ሴት። እጁ ወዲያው ተላጠ። ኤስበርን በኋላው መቅዘፊያ ተቀምጦ እየቀዘፈ ይዘፍናል። ልብ የሚሰብረው ሄሪንጉ ነው፤ እንደተባለው ነበር። መረቡን ጥለው ትንሽ ቆይተው ሲስቡት ጥልፉ ሁሉ ብር ሆኗል፤ ጀልባው እስከ ጉልበታቸው በሚንፈራገጥ ዓሣ ሞላ። ቀዛፊዎቹ እንደ ልጅ ሳቁ። ሞገንስም ሳቀ፤ ሆድ መቼም ከልብ ቀድሞ ይስቃል።

«አየህ አይደል?» አለው ኤስበርን። «ቅዱስህ ሠራ!»

ሞገንስ መልስ ሊሰጥ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና ቀዘቀዘ። ቀኑን ሙሉ ያንን ፊት ሲያይ የዋለው ቅንድቡን፣ ጥላውን፣ የኖራውን ዳር ነው። አንዴ እንኳ አላማተበም። አንዴ እንኳ «ቅዱስ ሆይ» አላለም። እዚህ ጀልባ ላይ ክርስቶፎሮስን ያላየ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ያኔ ነፋሱ ጀርባውን መታው።

እንደዚህ ይመጣል፤ አያስጠነቅቅም። ባሕሩ ከወተት ወደ እርሳስ ተለወጠ፣ ሰማዩ ወረደ፣ የማዕበሉ ጫፍ እየተቆረጠ ፊታቸውን ገረፈ። ዓሣው ከባድ ነው፤ ጀልባው እንደ ነፍሰ ጡር ላም ይንፏቀቃል።

«ዓሣውን ጣለው!» አለ ሞገንስ።

«ዝም ብለህ ቅዘፍ!»

«ኤስበርን! ጣለው!»

አንድ ትልቅ ውሃ በጎን ገብቶ አንዱን ቀዛፊ ከመቀመጫው ነቀለው፤ በቀበቶው ይዘው መለሱት። ኤስበርን ያን ጊዜ የራሱን አዲስ መረብ በቢላዋ ቆረጠ፤ ዓሣውንም በሁለት እጁ እያፈሰ ወደ ባሕሩ መለሰ። እያለቀሰ ነው የመለሰው፤ አላፈረበትም። ተመልሶ መቅዘፊያውን ያዘ። ስድስቱ መቅዘፊያ አንድ ላይ ይወርዳል፣ አንድ ላይ ይነሣል። ሞገንስ እጁ አይሰማውም። በልቡ ከላቨ ጋር ይነጋገር ነበር፤ ይቅርታ ይጠይቀው፣ ቦታ እንዲያዘጋጅለት ይነግረው ነበር። ማዕበሉ ግን ከወሽመጡ አፍ ድንጋዮች አልፎ ወደ ባሕሩ ከሚዘረጋው የአሸዋ ምላስ ወዲያ ማዶ ወረወራቸው። የጀልባው ሆድ አሸዋ ላይ ሲፈነዳ ሰሙ። እየዳኹ ወጡ። ስድስት ነበሩ።

ከዚያ እስከ ከተማው በእግር ነው፤ ዝናቡ ፊታቸውን እየገረፈው። ሲደርሱ ቀኑ ሊመሽ ዳር ዳር ብሏል። ሴቶቹ ነጠላ ልብሳቸውን ተከናንበው ከባሕሩ ዳር ቆመዋል፤ ከኋላቸው በየብስ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ጩኸት፣ እቅፍ፣ ስድብ ሆነ። አለቃ ፓልነ እንኳ መጥቶ ሞገንስን አየው፤ በዚያው በመታው እጅ ትከሻውን ያዘው። ኤስበርን ግን ዙሪያውን ይፈልጋል።

«ቦዲልስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ናት» አለች አንዷ። «ነፋሱ ከተነሣ ጀምሮ አልወጣችም። አባ ማቲያስ ሊያወርዷት ቢሞክሩ ረገጠቻቸው።»

ሁለቱ አማቾች እየተደጋገፉ ገቡ። ውስጡ ደንገዝገዝ ብሏል፤ ወለሉ ከበሩ እስከ ማማው ሥር በውሃ ተጨማልቋል። ቦዲል ማማው ላይ ተንበርክካለች፤ ጸጉሯ ተፈቷል፤ የራስ መሸፈኛዋን ጨምቃ ጨምቃ ግድግዳውን ትወለውላለች። ኖራው ውሃ ሲነካው መልሶ ይሳሳል፤ ወለወል ባደረገችው ቁጥር የክርስቶፎሮስ ዓይኖች ከነጩ ውስጥ ይወጣሉ፤ ደረቅ ሲል ይጠፋሉ፤ እንደገና ትወለውላለች። ስታሸው ጕንጩ ተልጧል፣ አፍንጫው የለም። ዓይኖቹ ግን አሉ። እጆቿን ኖራው እስከ ክርን በልቷቸዋል።

«ማነህ?» አለች ሳትዞር። ዓይኗን ከዓይኖቹ ላይ አላነሣችም። «ማንም ሁን፣ ውሃ አልቆብኛል። ቶሎ አቀብለኝ፤ እየደረቀ ነው።»

ሞገንስ አፉን ሲከፍት ኤስበርን ክንዱን ያዘው። ባልዲውን አነሣ፤ ከደጃፉ ካለው የጥምቀት ድንጋይ ገንዳ ሞላው፤ መሰላሉን ወጣና በትከሻዋ በኩል አቀበላት። ቦዲል እጀታውን ልትቀበል እጇን ሰደደች፤ ጣቶቿ የእሱን ጣቶች ነኩ። በመረብ ገመድ የተተለተለ፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ እጅ ነው። የያዘችውን ጨርቅ ለቀቀችው።

ባልዲው ተደፋ። ዞረችና አንገቱን ይዛ ፊቷን እርጥብ ደረቱ ውስጥ ቀበረች፤ ለብዙ ጊዜ ማንም ወደ ግድግዳው አላየም። ከጀርባቸው ኖራው ቀስ በቀስ ደረቀ።